ቆቃ ሜዳ ላይ የተፈታው ገመድ

ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን ስመለስ ፍራንኮ አካባቢ ያለው ማደያ ሰልፉ ረዝሞ መንገዱ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ቀጥ ብዬ ቆሜ ሳብኩት። እንደ ሽቶ ነው የሳብኩት! አጠገቤ የነበረች ልጅ «እማማ፣ አሞዎት ነው?» አለችኝ። ምንም አላመመኝም፣ ባሌ ሸተተኝ እንጂ። ሽፈራው፣ ነፍሱን ይማርና፣ እሁድ እሁድ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ሳሙናም አያስለቅቀው፣ ሎሚም አያስለቅቀው። ሰልፉ ውስጥ ደግሞ በፈጣኑ መንገድ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች አሉ፤ መኪናዎቻቸው ዝቅ ከማለታቸው የተነሳ ሆዳቸው አስፋልቱን ሊልስ ምንም አልቀረው። አንዷ ቀይ መኪና ኮፈኗ ተከፍቷል፣ ባለቤቷ ቀጭን ልጅ ናት፣ አምስት ወንድ ከቧት አጎንብሷል። አንዱ ስልኩን እያሳየ «ግሩፑ ላይ እንዲህ አድርጉ ይላሉ» ይላል፣ ሌላው «ተው እሱን፣ እኔ ባለፈው እንዲህ አድርጌ ነው የተነሳችልኝ» ይላል። በሆዴ ሳቅኩ። ዘመኑ ተለወጠ ይላሉ፤ ምኑ ተለወጠ? ኮፈን ተከፍቶ አምስት ወንድ ካጎነበሰ አራቱ አያውቁም። ያኔም እንዲሁ ነበር።

ታዲያ ከዳር ከዘራውን ተደግፎ የቆመ ሽማግሌ ጠጋ አለና «ልጄ፣ መጀመሪያ ትንሽ አሳርፊያት፤ የሞቀች መኪናና የተቆጣች ሴት ወዲያው አይነኩም» አላት። ድምፁን ስሰማ አወቅሁት። ገመቹ ነው! የአርሲ ነገሌው ገመቹ። ፀጉሩ እንደ ጥጥ ነጥቷል፣ ወገቡ ጎብጧል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። እውነቴን ልንገራችሁ፣ ልሸሽ ነበር። ባጃጅ ጠርቼ ልጠፋ ነበር። ለዚህ ሰው ስንት ዘመን በሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ የቀረ አንድ ቃል አለኝ፤ በዚያ ቃል መቅረት ስሙ ጠፍቷል። ቃሉ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከኔ ጋር ወደ ናዝሬት ተመለሱ። አዳማ አላልኩም። ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት።

ያኔ ናዝሬት የጋሪ ከተማ ናት። ስሙኒ ከፍለሽ ከፖስታ ቤት እስከፈለግሽበት ነው፤ ባለጋሪው ደግሞ ወሬውን በነፃ ይጨምርልሻል። ንፋሷ ያው የዛሬው ንፋስ ነው፣ ቀሚስ ገልቦ ያስቃል። ስኳሩ በቀበሌ፣ ሳሙናው በቀበሌ፣ ሰልፉም በቀበሌ። ሰው ካኪ ይለብሳል፤ ካኪ ያልለበሰ ካኪ የለበሰውን ይፈራል፣ ካኪ የለበሰውም ሌላውን ካኪ ይፈራል። ሦስት ሰው ቆሞ ካወራ አራተኛው ይመጣና «ምንድነው ስብሰባው?» ይላል። እንዲህ ባለ ዘመን የኔ ባል ጣሪያ የሌላት መኪና ገዛ! አገሩን ለቆ የሚሄድ አንድ ጣሊያን ለመሸጥ ቸኩሎ በርካሽ ለቀቀለት። ቀይ ናት፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፤ ስትነሳ ዘላ ስለምትነሳ ሰፈሩ ፌንጣ ብሎ አወጣላት። ባለሁለት ሰው መኪና ማለት ምን ማለት ነው? ሦስት ልጅ ወልጃለሁ እኮ! «የት ልታስቀምጠን ነው?» ስለው «እናንተማ በጋሪ» አለኝ። ጨዋታ መስሎት።

መኪናዋ መጣች፣ ተከትለዋት ሰዎች መጡ። አንዱ ሞገስ ነው፣ የሒሳብ አስተማሪ፤ አረንጓዴ መኪና አለችው፣ እጁ ላይ ትልቅ ሰዓት፣ ብብቱ ሥር ሁልጊዜ ደብተር። ሌላው ገመቹ ነው፤ አባቱ ነገሌ ላይ እህል ነጋዴ ነበሩ፣ ለእሱ ነጭ መኪና ገዝተውለት ናዝሬት የወፍጮ ዕቃ መሸጫ ከፍቷል። ደግሞ ሁለት የመቂ ወንድማማቾች አሉ፣ በአንድ መኪና የሚጣሉ። እነዚህ አምስቱ እሁድ እሁድ የኔ ግቢ ይሰበሰባሉ። ያኔ እሁድ መኪና መንዳት በታርጋ ተራ ነው፤ አንዱ እሁድ የጎዶሎ ቁጥር፣ ሌላው እሁድ የሙሉ ቁጥር። ተራው ያልደረሰው ተራው የደረሰው መኪና ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ወደ ቆቃ! ሐይቁ በበጋ ወደ ኋላ ሲሸሽ የሚተወው ሜዳ አለ፣ እንደ እጅ መዳፍ የተስተካከለ። አሮጌ ጎማ ደርድረው በመካከሉ እባብ እየሠሩ ይነዳሉ፣ ሞገስ በሰዓቱ ይለካል፣ በደብተሩ ይጽፋል።

አንድ ቀን ባሌ እኔንም ወሰደኝ። ነጠላዬ ገና መንገድ ላይ በንፋስ ሄደች፤ የቆቃ ዓሣ ለብሷት ይሆናል። ሜዳው ላይ ገመቹ ባሌን ሲያስተምረው እሰማለሁ። «ሽፌ፣ ፍሬን ከመታጠፍህ በፊት ነው። መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ፍሬን የያዘ ዞሮ የመጣበትን ነው የሚያየው።» ባሌ እሺ ይልና መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ይይዛል፣ ዞረን የመጣንበትን እናያለን። ሁለቴ ዞርን። ቁርሴ አብሮኝ ዞረ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ላይ አልወጣሁም፤ ግን ምክራቸውን ግቢዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። ዕቃ አይገኝም፣ ከውጭ አይመጣም፣ ሁሉም በብልሃት ነው። አንዱ የጫማ ቆዳ ቆርጦ ማሸጊያ ያደርጋል፣ አንዱ ሞተሩን በእሳት ብልጭታ የሚያስነሳውን ካንዴላ በአሸዋ ወረቀት ፍቆ ያድሰዋል። የፌንጣ ራዲያተር ሲያፈስ ገመቹ ወደኔ ዞሮ «አዴ ጥሩ፣ የተፈጨ ተልባ አለሽ?» አለኝ። አዴ ማለት በኦሮምኛ እመቤት እንደማለት ነው፣ ጥሩ ደግሞ ስሜ ነው፤ አክብሮኝ ነው። ሰጠሁት፣ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመረው፣ ተልባው አብጦ ቀዳዳውን ደፈነው፣ እስከ ዝዋይ ደርሰው ተመለሱ። መኪናዋ ለአንድ ሳምንት የጾም ቁርስ ቁርስ ሸተተች። እኔም ለጎረቤት «ባሌ ለመኪናው ተልባ ያጠጣል፣ ለኔ ግን ሻይ እንኳን አፍልቶልኝ አያውቅም» እያልኩ አወራሁ።

ጥርጣሬዬ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቀበሌ መሠረተ ትምህርት ግዴታ ብሎ ሁላችንንም ሲያስገባን፣ እኔ ፊደሉን አልያዝኩም፤ ቁጥሩን ግን ገበያ ቀድሞ አስተምሮኛል። ስለዚህ የመኪናዋን ኪሎሜትር ማንበብ እችላለሁ። ባሌ ግን የምችል አልመሰለውም! ቅዳሜ ማታ አየዋለሁ፣ እሁድ ማታ አየዋለሁ። ቆቃ ሄዶ መልስ፣ ሜዳው ላይ ከሚሽከረከረው ጋር፣ ስንት እንደሚጨምር አወቅሁ። ታዲያ አንድ እሁድ ጠዋት ወጣ፣ ማታ ገባ፣ አቧራ ለብሷል፣ ደክሞታል፣ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ ያበራል። ሄጄ ቁጥሩን አየሁ። ያው ነው! አንዲት አልጨመረም። ዓይኔን አሸሁ፣ ደግሜ አየሁ። ቀኑን ሙሉ ውጭ የዋለች መኪና አልተንቀሳቀሰችም? ታርጋዋ ተራ በደረሰበት በሚቀጥለው እሁድም ያው። በሦስተኛውም። እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ይሄ ሰውዬ ቆቃ አልሄደም። እዚሁ ናዝሬት፣ ጥጉን አልፎ፣ አንዷ ቤት ነው የሚውለው። አቧራውስ? አቧራማ ናዝሬት በነፃ ነው፣ ሆን ብሎ ነው የሚለብሰው! ጓደኞቹም ሽፋን ናቸው አልኩ።

«ዛሬ የት ዋላችሁ?» አልኩት።

«ቆቃ ነዋ።»

«ቆቃ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል።»

ይሳለቃል! አንገቱን ልይዘው ነበር። ግን ራሴን ይዤ ዝም አልኩ። የተጠራጠረች ሴት ዝም ካለች አደገኛ ናት፤ ይሄንን ወንድ መቼም አይማረውም።

ማክሰኞ ቀበሌ ሄድኩ። የሴቶች ማህበር ሊቀመንበሯ ጓድ አስናቀች ትባላለች፣ ከዚያ በፊት ጎረቤቴ ነበረች፣ በርበሬ ስንደልዝ አብረን የኖርን። እኔ የመጣሁት ለምን መሰላችሁ? እሁድ እሁድ አትውጣ ብለው እንዲገሥጹልኝ ነው። ባል ሲባልግ ማህበሩ ይጠራዋል፣ ሰው ፊት ያሳፍረዋል፤ አንዱን ጎረቤቴን እንዲህ አድርገው አስተካክለውታል።

«ባሌ እሁድ እሁድ ይጠፋል» አልኳት።

«ከማን ጋር?»

«ከጓደኞቹ ጋር። ከሱ ጋር አምስት ናቸው።»

«የት ነው የሚገናኙት?»

«ቆቃ ይላሉ።»

እርሳሷን አነሳች። «ቆቃ ግድቡ ጋ?»

«ሜዳው ላይ ነው የሚሉት። እኔ ግን አላመንኳቸውም፤ መኪናዋ እንኳን አትንቀሳቀስም።»

«ቆቃ እንሄዳለን ብለው ቆቃ አይሄዱም?»

«እሱን ነው የምልሽ! ሴት አለችው።»

አስናቀች ሴቷን አልጻፈቻትም መሰለኝ፤ እጇ የቆመው እዚያ ላይ ነው። ስም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። የሁሉንም። ከዚያ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀለም አቅርባ አውራ ጣቴን ነክራ ወረቀቱ ላይ አተመችኝ። ምን እንደተጻፈ አላውቅም። «አንብቢልኝ» ማለት አፈርኩ፣ መሠረተ ትምህርት ጨርሳለች ተብዬ ተጨብጭቦልኛል እኮ! ቤት ገብቼ ጣቴን በሎሚም በአመድም ፈተግሁት። ማታ ሽፈራው አየውና «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ቀይ ሥር ስከትፍ» አልኩት። በልቶ ተኛ። ቀይ ሥር አለመቅረቡን እንኳን አላስተዋለም። መኪና የሚወድ ሰው እንዲህ ነው።

የፌንጣ ተራ በደረሰበት እሁድ የቀበሌ ታጣቂዎች ሜዳው ላይ ጠበቋቸው። ባሌንና ሞገስን ከነመኪናቸው ያዟቸው፣ ሰዓቱንም ደብተሩንም ወሰዱ። የመቂዎቹ ጎማ ፈንድቶባቸው ዘግይተው ነበርና ከሩቅ ጠመንጃ ሲያዩ ዞረው ጠፉ። ገመቹ አልነበረም። የእሱ ታርጋ ተራው አልደረሰም፣ እንደ ወትሮው ባሌ ላይ እንዳይንጠለጠል ደግሞ አባቱ ታመው በአውቶቡስ ነገሌ ሄዷል። እኔ ወሬውን የሰማሁት ከባለጋሪ ነው። «ግድቡን ሊመቱ ሲሉ ተያዙ» አለኝ። ሴት ከሱ ለዩልኝ ያልኩት ሰውዬ ራሱ ከኔ ሊለይ ነው! ያኔ ቀበሌ የገባ ሰው ማታ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ የለም።

ዘጠኝ ቀን ምግብ አመላለስኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ክዳኑን ይከፍትና «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» ይለኛል። እኔው ሠርቼ እኔው እቀምሳለሁ። በሰባተኛው ቀን ያንን ጥበቃ እየሳቀ አገኘሁት። «የአንቺ ባል እብድ ነው እንዴ?» አለኝ። «ለምን?» «የኪሎሜትሩን ገመድ ፈትተው ነው የሚነዱት። ወዴት እንደሄዳችሁ እንዳይታወቅ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ‹የለም ጌታዬ፣ መኪናዋ እንዳታረጅ ነው› አለ! ቁጥሩ ካልጨመረ ዋጋዋ አይወድቅም አሉ። አስተማሪው ነው ያስተማራቸው። ሹሙ ሳይቀር በሳቅ ወደቀ።»

ሳህኑን ይዤ በቆምኩበት ደረቅሁ። መኪና ዕድሜዋን የምትደብቅበት አገር! ሴት ዕድሜዋን ስትደብቅ ሰምቼ ነበር፣ ወንዶች ተሰብስበው ለብረት ዕድሜ ሲደብቁ አልሰማሁም። በዚች ገመድ ነው እንግዲህ እኔ ቤቴን ያፈረስኩት። ሴት አልነበረችም። (አልነበረችም ነው የምለው፤ ምን ይታወቃል፣ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላመንኩም።) ያ ሳቅ ግን አዳናቸው። ግድብ የሚመታ ሰው ስለመኪና ዋጋ አይጨነቅም ብለው ለቀቋቸው። ፌንጣ ግን ቀበሌ ግቢ ቆማ ቀረች፤ በኋላ ስትመለስ ወንበሯ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች።

ሽፈራው ከስቶ መጣ። ጢሙን አልተላጨም፣ አልሳቀም። የመጀመሪያ ቃሉ «ማን ነው የጠቆመን?» ነው። እኔ ውሃ አሞቅኩለት፣ እግሩን አጠብኩት። እዚያ ላይ ቢወጣ ኖሮ፣ ያ ቃል እግሩን እያጠብኩ ቢወጣ ኖሮ፣ ይጮህብኝ ነበር፣ ይመታኝም ይሆናል፣ ግን ያልቅ ነበር። እኔ ግን ሦስት ልጄን አየሁና ዋጥኩት።

በሳምንቱ እሁድ አውጫጭኝ እንቀመጥ አለ። አውጫጭኝ የዛሬ ልጅ አያውቀውም፤ ባላገር ከብት ሲጠፋ፣ ቤት ሲቃጠል፣ የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ እያንዳንዱ ይምላል፤ ሌባው ሳይወጣ የሚነሳ የለም። እነዚህ በመኪና የሚበሩ ሰዎች መላ ሲጠፋቸው ወደ ከብት ሌባ ሕግ ተመለሱ! ግቢዬ ውስጥ አምስቱ ተቀመጡ፣ የባሌ አጎት ዳኛ ሆነው ወንበር ተሰጣቸው። ባሌ ማለ። ሞገስ ማለ። የመቂዎቹ እየተንቀጠቀጡ ማሉ። እኔ ምሳ አቀርባለሁ፣ ውሃ አስታጥባለሁ። ሴት በአውጫጭኝ አትጠየቅም፤ ወጉ ነው። ማንም ወደኔ አልዞረም። ሌባዋ ወጥ እየጨለፈች ዳኛው «ጎበዝ፣ ጨው ትንሽ አነሰው» ይሏታል!

መሐላው ገመቹ ጋ ደረሰ። የጣቴ ቀለም ለቅቆ ነበር፣ ጥፍሬ ሥር ግን እንደ ክር ቀጥኖ ቀርቷል። ውሃ ሳፈስለት ዓይኑ እዚያ ላይ ያረፈ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው። ከዚያ ቀና አለና «እኔ አልምልም» አለ።

«ለምን?» አሉ አጎትየው።

«ጓደኛ ጓደኛን አያስምልም። ያመነኝ ይመነኝ፣ ያላመነኝ ይተወኝ።»

ባሌ ብድግ አለ። «የዚያን ቀን አንተ ብቻ ነህ ተማክረን የቀረኸው! አባትህ በዚያው እሁድ ታመሙ?»

«ታመሙ።»

«ታዲያ ማልና ጨርስ!»

ገመቹ ባርኔጣውን አነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደኔ ዞሮ «ወጡ ጥሩ ነበር፣ አዴ» አለኝ። እንደዚያ ቀን የተሰደብኩበት ጊዜ የለም፤ ሰውየው ግን ሲያመሰግነኝ ነበር።

በዚያው ቀረ። ስፓና የሚያውሰው ጠፋ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ የሚቆም ጠፋ። በየሻይ ቤቱ ሲገባ ወሬ ይቆማል። አሳባቂ የተባለ ሰው ያን ጊዜ እንደ ሥጋ ደዌ ነው፤ ግን ፊት ለፊት የሚለው የለም፣ ምክንያቱም እውነት አሳባቂ ከሆነስ? ብሎ ይፈራዋል። ከሁለት ወር በኋላ የገመቹ ሰርግ ደረሰ። ሙሽራዋ የዝዋይ ልጅ ናት። አምስቱ ገና በደጉ ቀን ተማምለው ነበር፤ ካላገቡት መካከል አንዱ መጀመሪያ ያገባ እንደሆነ መኪናዎቹ ተሰልፈው፣ ጣሪያቸው ተገልጦ፣ በሪባን ተሽሞንሙነው ሙሽራዋን ያመጣሉ ብለው። ፌንጣ ያኔ ተመልሳለች። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሽፈራው ኮፈኗን ከፍቶ በዝምታ ይጠርጋል፣ የተጠረገውን መልሶ ይጠርጋል።

«አትሄድም?» አልኩት።

«ከአሳባቂ ጋር?»

«ባይሆንስ?»

ጨርቁን ይዞ ቆመ። «አንቺ ሌላ የምታውቂው አለ?»

ይኸውላችሁ። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ «እኔ ነኝ» ማለት። ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ፣ አፌንም ከፈትኩ። «እኔ ምን አውቄ» አልኩ።

ገመቹ ነጯን ብቻውን ነድቶ ዝዋይ ሄደ። የሙሽራዋ ወገኖች «አጃቢዎችህስ?» ሲሉት «ነዳጅ ጠፋ» አላቸው አሉ። አማቶቹ እርስ በርስ ተያዩ አሉ። በብዙ ሕዝብ መካከል ብቻውን የቆመ ሙሽራ! ይሄንን የነገረችኝ ሰርጉ ላይ የዋለች ዓሣ ነጋዴ ናት፤ እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ፣ እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በወሩ ሱቁን ዘግቶ ወደ ነገሌ ተመለሰ። ሽፈራውም ፌንጣን ለአንድ የሻሸመኔ ሰው ሸጣት፤ ቡድኑ ተበተነ፣ እሁድ እንደ ሌላው ቀን ሆነ። ባሌ እስኪሞት ድረስ «ያ ገመቹ» ይል ነበር። ከሞገስ ጋር ግን አልተቆራረጥንም፤ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ በየሙት ዓመቱ ይመጣልኛል።

አሁን ወደ ማደያው እንመለስ። አልሸሸሁም። ጠጋ አልኩና «አከም ጅርታ፣ ገመቹ?» ብዬ በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቅሁት። ዓይኑን አጥብቦ አየኝ፤ ለዓይኑ ሐኪም ፍለጋ ነው አዳማ የመጣው ለካ። «አዴ ጥሩ! ፈያ፣ ደህና ነኝ! አለሽ እንዴ አንቺ?» አለኝ። «ምን እሆናለሁ፣ ክፉ ሰው አይሞትም» አልኩት። ሳቀ። ጭማቂ ቤት ገብተን ፓፓያ አዘዝን። ስለ ልጆች ተጠያየቅን፣ ሽፈራውን ነፍስ ይማር አለልኝ። ሚስቱም ሞታለች። ነጯ መኪና እስካሁን ጎተራው ውስጥ አለች አለኝ፣ ዘመኑን ሁሉ ተሻግራ።

ፓፓያዬን ሳልነካ «ገመቹ፣ እኔ ነበርኩ» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ገመዱን፣ አስናቀችን፣ ጣቴን፣ ሰርጉን። እንባዬ ብርጭቆው ውስጥ ገባ። እሱ በማንኪያው ፓፓያውን ያማስላል። ከዚያ በቀስታ «ተሳስተሻል» አለኝ።

«ምኑን ነው የምሳሳተው?»

«እኔ ነኝ። ከዚያ እሁድ በፊት ቀበሌ ጠርተው ጠየቁኝ። ፈራሁ። ስማቸውን ሰጠሁና አባቴ ታመዋል ብዬ ነገሌ ሄድኩ። ለዚያ ነው ያልማልኩት። ሐሰት ልማል እንዴ?»

አየሁት። እሱ ወደ ፓፓያው ያያል። የሰውን ውሸት ከሩቅ አሸታለሁ የምል ሴትዮ ነኝ፤ ግን ይሄ ሰውዬ ፊቱ አይነበብም፣ እኔ ደግሞ አንድም ቀን ማንበብ አልቻልኩም። እውነቱን ነው? ወይስ አሮጊት ፓፓያ ላይ ስታለቅስ አሳዝናው ሸክሜን ሊያወርድልኝ ነው? አስናቀች እኔን ስትጠይቀኝ ስማቸውን አስቀድማ የምታውቅ ትመስል ነበር? ደሞ አትመስልም ነበር።

«ትዋሻለህ» አልኩት።

«አልዋሽም።»

«እንግዲያው ሞገስ ይፍረደን!» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ስም አላነብም፣ ፎቶውን ነው የምነካው፤ መነጽሩ ትልቅ ስለሆነ አልስተውም። ሞገስ አነሳ። ሰላምታም አላበዛሁም፤ «ስማኝ ሞገስ፣ ያኔ ቀበሌ የጠቆምኳችሁ እኔ ነኝ፣ ገመቹ ንጹሕ ነው» አልኩት። ገመቹ ከጠረጴዛው ማዶ «አትስማት! እኔ ነኝ! እሷ አርጅታለች!» ብሎ ጮኸ። ጭማቂ ቤቱ ሁሉ ዞረ። «አንተ ነህ ያረጀኸው!» «አንቺ ነሽ!» ተባባልን።

የሞገስ ድምፅ ቀጥኖ መጣ፦ «አንቺ ጥሩ፣ ያኔ እኔ ነኝ የሚል አንድ ሰው አጥተን ተበታተንን። ዛሬ ሁለት ሰው ይጋፋል?» አለ። «ስልኩን ስጪው እስቲ።»

ሰጠሁት። ገመቹ በሁለት እጁ ያዘው። «አለሁ… አለሁ ሞጌ» አለ። አሁን ሊያለቅስ ነው፣ አሁን ይቅር ሊባባሉ ነው ብዬ የነጠላዬን ጫፍ አዘጋጀሁ። እሱ ግን «አለች፣ ነጯ። ትነሳለች… አይ፣ ሲሞቃት ትታነቃለች… ካርቡራተሩን አጠብኩት… በምን? በቤንዚን ነዋ!… አይደለም እንዴ?» ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሞገስ ከወዲያ ይመክራል፣ ገመቹ ይከራከራል፣ እጁን በአየር ላይ እያሽከረከረ መሪ ይይዛል። ፓፓያው ሞቀ። ስሜ ይጠራ እንደሆነ ብዬ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም፤ አንድም ጊዜ አልጠሩኝም። የሰርጉን ነገር አላነሱም፣ ማን ጠቆመ አላሉም፣ ያልጠሩት የብሎን ዓይነት ግን የለም።

ጨረሰና ስልኬን መለሰልኝ። ዓይኑ ረጥቧል፣ የሐኪሙ ጠብታ ይሁን ሌላ አላውቅም።

«ምን አለህ?»

«ካንዴላውን ቀይር አለኝ።»

«ስለኔስ?»

«ምንም።»

ምንም! ሁለት ሽማግሌ ይሄን ያህል አውርተው ስለኔ ምንም ካላሉ፣ የተማከሩት ነገር አለ ማለት ነው። በሚመጣው እሁድ ሞገስ ነገሌ ይወርዳል፣ ነጯን ሊያስነሷት ነው። እኔን ነይ ያለኝ የለም። በሞጆ አድርጎ ነገሌ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሰዓት ግን ጠይቄያለሁ፤ እነዚህን ሁለቱን ብቻቸውን አልተዋቸውም።